ማለቂያ የሌለው ዩኒቨርስ በአንስታይን እኩልታ ይፈቀዳል ወይ?

ጥያቄው ከአንዲት የአዳማ የምህንድስና ተማሪ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ስለ ፍሪድማን ሞዴሎች ሳነብ፣ ጠፍጣፋና ክፍት የሚባሉት ዩኒቨርሶች ማለቂያ የላቸውም ይላል። ግን ሁሉም ነገር ከአንዲት ነጥብ ተነስቶ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ከሆነ፣ እንዴት ሆኖ ነው ማለቂያ የሌለው የሚሆነው? አጠቃላይ አንጻራዊነት ይህን የምር ይፈቅዳል ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሒሳብ ነው? ጓደኛዬ ደግሞ አንስታይን ራሱ ዩኒቨርስ ውሱን ነው ብሏል እያለ ይሟገተኛል።»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድመው። አዎ፣ አጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ፣ ይፈቅዳል። ምንም ሳያንገራግር ነው የሚፈቅደው። ውሱን ዩኒቨርስንም እንደዚያው ይፈቅዳል። እኔም እዚሁ አዳማ ፊዚክስ ሳስተምር የማየው ነው፤ ተማሪዎች ሒሳቡን ይለምዱታል፣ የሚከብዳቸው አንድ ነገር መቀበል ነው። የአንስታይን እኩልታዎች የዩኒቨርስን ጠቅላላ ስፋት አይወስኑም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለምን አይወስኑም? እኩልታዎቹ የሚናገሩት ስለ አንድ ነጥብና ስለ ቅርብ ዙሪያው ስለሆነ ነው። እዚህ ጋ ይህን ያህል ቁስና ኃይል ካለ፣ እዚሁ ጋ ቦታና ጊዜ በዚህ ልክ ይጎብጣሉ ይላሉ። በቃ። ቀጥሎ ያለው ነጥብ የራሱን ሒሳብ ያወራርዳል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ይህ ቅብብል የሆነ ቦታ ላይ ዞሮ ከራሱ ጋር ይግጠም ወይስ ዝም ብሎ ይቀጥል፣ እኩልታው ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም። በ1952 ፈረንሳዊቷ የሒሳብ ሊቅ ኢቮን ሾኬ-ብሩሃ ይህን በጥብቅ ማስረጃ አስደገፈችው። የአንድን ቅጽበት ሁኔታ ስጪ፣ ሁኔታው በየነጥቡ የተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎችን ያሟላ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን እኩልታው ራሱ ያወጣልሻል። ቅድመ ሁኔታዎቹ ውስጥ «ሕዋው ውሱን ይሁን» የሚል የለም።

ጥርጣሬሽ ግን አዲስ አይደለም። የኒውተን ፊዚክስ እዚህ ጋ የምር ይቸገር ነበር። በኒውተን ሕግ ስበት በቅጽበት ይደርሳል፣ ርቀትም አያግደውም። ማለቂያ የሌለው ሕዋ በቁስ እኩል ቢሞላ፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ የሚያርፈውን ስበት ለማግኘት ማለቂያ የሌለው ድምር መደመር አለብሽ፣ ድምሩ ደግሞ ከየት ጀምረሽ እንደደመርሽ መልሱ ይለያያል። አንዴ ዜሮ ይመጣል፣ አንዴ ወደዚህ ይጎትታል፣ አንዴ ወደዚያ። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሁጎ ዜሊገር በ1890ዎቹ ይህን አፍረጥርጦ ካሳየ በኋላ የኒውተንን ሕግ ራሱን ለማሻሻል ሐሳብ እስከማቅረብ ደርሷል።

በአጠቃላይ አንጻራዊነት ይህ ጣጣ የለም። የስበት ለውጥ ከብርሃን ፈጥኖ አይጓዝም፤ እያንዳንዱ ነጥብ የሚሰማው ካለፈው ጊዜ ተነስቶ እሱ ጋ መድረስ የቻለውን ብቻ ነው። እኩልታው የሚፈልገው ቁጥርም ጠቅላላ የቁስ ድምር ሳይሆን እፍጋት ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ስንት አለ? የእኛ ዩኒቨርስ አማካይ እፍጋት፣ ጥቁር ኃይል የሚባለውን ጨምሮ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አምስት ወይም ስድስት የሃይድሮጂን አተም ከሚመዝነው ጋር ይቀራረባል። ይህን ይዘሽ ሒሳቡን መሥራት ትችያለሽ። ጠቅላላው የቁስ መጠን ማለቂያ ባይኖረው እንኳ የትኛውም መስመር ላይ አያስቸግርሽም፣ ምክንያቱም የትም አይገባም።

ፍሪድማን ያደረገው ይህንን ነው። አሌክሳንደር ፍሪድማን ሩሲያዊ የሒሳብና የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነበር። ሕዋ በየቦታውና በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነው ብለን ከተነሳን፣ ያ ሁሉ የአንስታይን እኩልታ ተጨምቆ ሁለት ብቻ ይቀራል። እነሱም የሚያሰሉት አንድ ማባዣ ነው፤ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት ከጊዜ ጋር ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚናገር። አብሮት የሚገባው የሕዋው ጉብጠት ነው። ፖዘቲቭ፣ ዜሮ (አንቺ «ጠፍጣፋ» ያልሽው) ወይም ኔጋቲቭ («ክፍት» ያልሽው) ይሆናል። በ1922 ፖዘቲቩን ሠራ፣ በ1924 ኔጋቲቩን ጨመረ። ፖዘቲቭ ከሆነ ሕዋው የግድ ውሱን ነው፣ ጠርዝ ግን የለውም፤ ቀጥ ብለሽ ስትሄጂ መነሻሽ ላይ ትመለሻለሽ። ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ ከሆነ ግን ማለቂያ የሌለው መሆን ይችላል። «ይችላል» ነው ያልኩት፣ «ይሆናል» አላልኩም። ወደዚህች ልዩነት እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀትሽ። «ከአንዲት ነጥብ ተነስቶ» የሚለው አባባል ነው ያደናገረሽ፣ ጥፋቱም የአንቺ አይደለም፣ ስለ ቢግ ባንግ የሚወራው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። የፍሪድማን ሒሳብ የሚለው ሌላ ነው። የፈለግሽውን ሁለት ጋላክሲ ምረጪ፣ ወደ ኋላ በሄድሽ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ ዜሮ ይጠጋል ይላል። ይህ ማለት ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ታጭቀው ነበር ማለት አይደለም። የቁጥር መስመርን አስቢ፤ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እያለ በሁለቱም አቅጣጫ የሚቀጥለውን። ሁሉንም ለሺህ አካፍያቸው። ጎረቤታሞቹ ሺህ ጊዜ ተቀራረቡ፣ መስመሩ ግን አሁንም አያልቅም። ለቢሊዮን አካፍያቸው፣ ያው ነው። ዛሬ ማለቂያ የሌለው ዩኒቨርስ ከቢግ ባንግ በኋላ በነበረችው የመጀመሪያ ሰከንድም ማለቂያ አልነበረውም፣ የሚለየው መጠቅጠቁ ነው። ትንሽ የነበረ ነገር አድጎ ማለቂያ ወደሌለው ተሸጋገረ የሚል ሞዴል የለም። ለምን ቢባል ውሱን ነገር በውሱን ጊዜ ውስጥ ሲለጠጥ ውሱን ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ጥርጣሬሽ እዚህ ላይ ፍጹም ትክክል ነው።

ታዲያ «ዩኒቨርስ ከአተም ያንስ ነበር» የሚባለውስ? ያ የሚታየውን ክፍል ነው። ብርሃኑ እስከ ዛሬ ሊደርሰን የቻለው አካባቢ ዛሬ ወደ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ራዲየስ አለው። ያ አካባቢ በእርግጥ በጣም ትንሽ ነበር። ከእሱ ውጪ ያለው ግን ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። ዜሮ ሰዓት ላይ ያለውን በተመለከተ፣ እዚያ እፍጋቱ ማለቂያ ያጣና እኩልታው ራሱ ይሰበራል። ስለዚህ «ነጥብ» ብለን ልንጠራው የምንችለው የሕዋ ቦታ እዚያ የለም።

ትንሽ ላስቸግርሽ፣ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከጥያቄሽ ጋር የተያያዘው በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ነው። በ1930ዎቹ እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሚልን ያቀረበው ሞዴል አለ። ሞዴሉ በፍሪድማን ቋንቋ ሲጻፍ ቁስ የሌለበት፣ ጉብጠቱ ኔጋቲቭ የሆነ፣ እየሰፋ የሚሄድ ዩኒቨርስ ነው። ስበት ስለሌለ የልዩ አንጻራዊነት ሒሳብ ብቻ ይበቃል። ከአንድ ክስተት ተነስተው በሁሉም አቅጣጫ፣ በሁሉም ፍጥነት፣ ከብርሃን ፍጥነት በታች የሚበሩ ቅንጣቶች አሉ እንበል። አንቺ መሐል ሆነሽ በራስሽ ሰዓት ብትለኪ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሁሉም አንድ የብርሃን ዓመት ራዲየስ ባላት ሉል ውስጥ ናቸው። ውሱን ነው፣ ጠርዝም አለው። አሁን ደግሞ በሌላ ሰዓት ለኪው፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ራሱ በያዘው ሰዓት። የሚበር ሰዓት ይዘገያል። ወደ ጠርዙ የሚጠጉት በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ስለሚሄዱ ሰዓታቸው ገና ጥቂት ቀን፣ ጥቂት ሰዓት፣ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «የሁሉም ሰዓት አንድ ዓመት ያለበት ቅጽበት» ብለሽ ስትሰበስቢ፣ ለሩቆቹ ብዙ መጠበቅ አለብሽ፣ ለባሰ ሩቆቹ የባሰ ብዙ። የምታገኚው ሕዋ ሃይፐርቦላዊ፣ ማለትም ጉብጠቱ ኔጋቲቭ የሆነ ነው፣ በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፣ ማለቂያም የለውም።

ልብ በይ፣ ቅንጣቶቹ ያው ናቸው። ክስተቶቹም ያው ናቸው። በአንዱ አቆራረጥ፣ ማለትም «አንድ ቅጽበት» የሚባለውን በአንዱ መንገድ ስንመርጥ፣ ሕዋው ውሱን ሉል ነው፣ በሌላው ማለቂያ የለውም። ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ ክስተት ነው። አጠቃላይ አንጻራዊነት ደግሞ ጊዜን በፈለግሽው መንገድ ቁረጪ ነው የሚልሽ። ምህንድስና ስለምታጠኚ ሒሳቡ ይቀልሻል፦ ውጫዊውን ጊዜ የቅንጣቱ ሰዓት ሲባዛ በሃይፐርቦሊክ ኮሳይን፣ ርቀቱን ደግሞ የቅንጣቱ ሰዓት ሲባዛ በሃይፐርቦሊክ ሳይን አድርገሽ ተኪው። አንድ ገጽ አይሞላም።

የእኛ ዩኒቨርስ ቁስ አለው፣ ስለዚህ የሚልን ሞዴል በቀጥታ አይገልጸውም። ቢሆንም ሐሳቡ ተመልሶ መጥቷል። በ1980 ሲድኒ ኮልማንና ፍራንክ ደ ሉቺያ ያልተረጋጋ ባዶ ሕዋ ውስጥ እንደ አረፋ የሚፈጠር አዲስ ሁኔታን ከስበት ጋር አስልተው ነበር። ከውጭ ስታዪው አረፋው ከትንሽ ተነስቶ እየሰፋ የሚሄድ ውሱን ነገር ነው። ውስጡ ላለ ሰው ግን፣ በራሱ ተፈጥሯዊ ሰዓት ሲቆርጠው፣ ማለቂያ የሌለው ኔጋቲቭ ጉብጠት ያለው ሕዋ ነው። እኛ እንዲህ ዓይነት አረፋ ውስጥ እንሁን አንሁን ሌላ ጉዳይ ነው። ቁም ነገሩ «ከትንሽ ተነስቶ ማለቂያ የሌለው» የሚለው ለውሱን ሕዋ በአንድ አቆራረጥ የማይቻል ሆኖ፣ አቆራረጡ ሲለወጥ የሚቻል መሆኑ ነው።

እሺ፣ ሒሳቡ ከፈቀደ የእኛው የትኛው ነው? እዚህ ጋ መለካት ይመጣል፣ የሚለካውም ጉብጠቱ ነው። በሚገባን መሬት ላስረዳሽ። አዳማን፣ አዲስ አበባንና ሐዋሳን በመሬት ገጽ ላይ በአጭሩ መንገድ አገናኝተሽ ሦስት ማዕዘን ሥሪ። ምድር ሉል ስለሆነች የሦስቱ ማዕዘናት ድምር ከ180 ዲግሪ ይበልጣል። ስንት ይበልጣል? የሦስት ማዕዘኑ ስፋት 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብልጫው ከአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛ አካባቢ ነው። ጥሩ የቅየሳ መሣሪያ ይይዘዋል። መሣሪያሽ በአሥረኛ ዲግሪ የሚሳሳት ከሆነ ግን «መሬቱ ጠፍጣፋ ነው» ብለሽ ነው የምትጽፊው። ልክ ነሽ፣ በስህተት ወሰንሽ ውስጥ። ከዚያ ተነስተሽ «ስለዚህ መሬት አያልቅም» ካልሽ ግን ውድቀት ነው።

የዩኒቨርስ ሦስት ማዕዘን የሚሠራው ከጥንቱ የጀርባ ጨረር ነው። ዩኒቨርስ 380 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው ብርሃን ነጻ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በትኩሱ ጋዝ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይጓዝ ነበር፣ ምን ያህል ርቀት እንደተጓዘም ከፊዚክሱ እናውቃለን። ያ ርቀት የሦስት ማዕዘኑ መሠረት ነው። ብርሃኑ እስከ እኛ የመጣበት መንገድ ደግሞ ጎኖቹ። ሕዋው ጠፍጣፋ ከሆነ የጨረሩ ሞቃትና ቀዝቃዛ ነቁጦች ሰማይ ላይ 1 ዲግሪ ገደማ ይሰፋሉ፣ ፖዘቲቭ ጉብጠት ካለ ተልቀው ይታያሉ፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ያንሳሉ። ቡመራንግ የተባለው በፊኛ የሚሰቀል ቴሌስኮፕ በ1998 መጨረሻ በአንታርክቲካ ሰማይ በርሮ፣ በ2000 በወጣው ውጤቱ 1 ዲግሪ ገደማ መሆኑን በግልጽ አሳየ። የፕላንክ ሳተላይት የ2018 ውጤት፣ ከጋላክሲዎች ሥርጭት ልኬት ጋር ተዳምሮ፣ የጉብጠቱን ድርሻ 0.0007 ሲደመር ሲቀነስ 0.0019 አድርጎ አስቀምጦታል። ዜሮ በወሰኑ ውስጥ አለ። የፕላንክ የራሱ የጨረር ልኬት ለብቻው ሲወሰድ ወደ ፖዘቲቭ ጉብጠት ያዘነብላል፣ በዚህም ብዙ ተጽፏል። ሌሎቹ ልኬቶች ሲጨመሩ ዝንባሌው ስለሚጠፋ እኔ የአጋጣሚ መዋዠቅ ነው ባይ ነኝ፣ አብዛኛው ባለሙያም እንደዚያ ነው የሚያየው።

ይህ ምን ነገረን? ጉብጠት ካለ፣ ራዲየሱ ከ200 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ መሆን አለበት። ከሚታየው ክፍል በብዙ ይበልጣል። «ማለቂያ የለውም» ብሎ ግን አልነገረንም። ሊነግረንም አይችልም! ልኬት ሁልጊዜ የስህተት ወሰን አለው፣ በዜሮ ዙሪያ ያለች ማንኛዋም ቅንጣት ወሰን ደግሞ እጅግ ግዙፍ የሆነ ውሱን ሉልን ታስተናግዳለች። አንድ ቀን ጉብጠቱ በእርግጠኝነት ፖዘቲቭ ነው ብለን ብንለካ፣ ሕዋው በየቦታው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ ውሱን ነው ማለት እንችላለን። በተቃራኒው ማለቂያ የለውም ብሎ የሚያረጋግጥ ልኬት መቼም አይኖርም። ሁለቱ አማራጮች በንድፈ ሐሳብ እኩል ናቸው፣ በማስረጃ ግን እኩል አይደሉም፤ ስለ ዩኒቨርስ ስፋት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘለው ሲያልፉት ያናድደኛል።

ቅድም እመለሳለሁ ያልኩት ልዩነትም እዚህ ጋ ይገባል። ጉብጠቱ በትክክል ዜሮ ቢሆን እንኳ ሕዋው ውሱን መሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ሕዋ ወስደሽ የግራውን ፊት ከቀኙ፣ የላዩን ከታቹ፣ የፊቱን ከኋላው ጋር አንድ ነው በይ። በቀኝ የወጣ በግራ ይገባል። ባለ ሦስት ልኬት ቶረስ ይባላል። የትም ቦታ ላይ አይጎብጥም፣ የአንስታይንን እኩልታ ልክ እንደ ማለቂያ የሌለው ሕዋ ያሟላል። ጠፍጣፋ ሆነው ውሱን የሆኑ 10 የሕዋ ቅርጾች አሉ፣ ኔጋቲቭ ጉብጠት ያላቸው ደግሞ ስፍር ቁጥር የላቸውም። እኩልታው የየነጥቡን ጉብጠት ይሰጥሻል፣ አጠቃላይ ቅርጹን ግን አይሰጥሽም። ፍሪድማን ራሱ በ1924 ጽሑፉ የአንስታይን እኩልታዎች ያለ ተጨማሪ ግምት የዓለምን ውሱንነት ለመወሰን አይበቁም ብሎ ነበር። ይህ መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬም ለብዙ ሰው አዲስ ነው።

ቶረስ ዓይነት ሕዋ በቂ ትንሽ ቢሆን ኖሮ አንድን የሰማይ ክፍል በሁለት አቅጣጫ እናየው ነበር። ኮርኒሽ፣ ስፐርገልና ስታርክማን በ1998 ይህን የሚፈትሽ መንገድ አቀረቡ፤ በጀርባ ጨረሩ ላይ የሙቀት ዝርዝራቸው የሚመሳሰል ጥንድ ክቦችን መፈለግ። በ2004 በደብሊውማፕ ሳተላይት ልኬት ላይ ተፈልጎ አልተገኘም። ስለዚህ ሕዋው ዞሮ የሚገጥም ከሆነ፣ ፍለጋው ለሸፈናቸው ቅርጾች፣ የሚዞርበት ርቀት ከ78 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ነው።

ጓደኛሽ ላነሳው፦ 1917ን ከሆነ የሚያወራው ልክ ነው። በዚያ ዓመት አንስታይን እኩልታዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቅላላው ዩኒቨርስ ላይ ሲሞክር የመረጠው ውሱን፣ ጠርዝ የለሽ፣ የማይሰፋ ሉል ነበር። ምክንያት ነበረው። ሕዋው ማለቂያ ከሌለው እዚያ ሩቅ ላይ ምን ሁኔታ እንደሚኖር በእጅ መወሰን ሊኖርበት ነው፣ ይህን አልወደደውም፤ የአንድ አካል ግዑዝነት (ኢነርሻ፣ ፍጥነቱ እንዳይለወጥ የሚያሳየው እምቢታ) ከሌላው ቁስ ሁሉ እንዲመነጭ ነበር የሚፈልገው። ሩቁን ጠርዝ ለማስወገድ ሕዋውን ዘጋው፣ እንዳይሰበሰብበት ደግሞ ኮስሞሎጂያዊ ቋሚውን ጨመረ። ያ የእሱ ምርጫ ነበር፣ እኩልታው አላስገደደውም። በ1922 የፍሪድማንን ሥራ ተሳስቷል ብሎ ተቃወመ፣ በ1923 ተቃውሞውን በጽሑፍ ሳበ። በ1929 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል የጋላክሲዎችን መራራቅ ካሳየ በኋላ ቋሚውን ተወው። በ1932 ከሆላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቪለም ደ ሲተር ጋር ባወጣው አጭር ጽሑፍ ያቀረበው ዩኒቨርስ ደግሞ ጉብጠት የለውም፤ የአንቺ መጽሐፍ ማለቂያ የለውም ከሚላቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ስትቀጥሉ ጓደኛሽን የትኛውን ዓመት አንስታይን እንደሚጠቅስ ጠይቂው። የሚልንን ሒሳብ ሞክረሽው ከተያዘብሽ ደግሞ እስከ የት እንደደረስሽ ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።